«ጦርነት ነው በቃ» ለምትሉ፦ ስለ ሂሮሺማ ቡና ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ ክረምት ሲገባ ሰው ወይ ቡና ላይ ነው ወይ ክርክር ላይ፣ እኛ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምናስኬደው። ሰሞኑን ሂርማታ ጀበና ቡና የምንጠጣባት ላስቲክ ቤት ውስጥ ዝናብ ይዞን ባለ ባጃጁ ጓደኛችን «አሜሪካ ጃፓን ላይ አቶሚክ ባትጥል ያ ጦርነት እስከዛሬ አያልቅም ነበር፣ ምን ታካብዳላችሁ» አለና ተጀመረ። አጠገባችን ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እሳቸው እያረሙን እኔም ማታ ቤት ገብቼ እያነበብኩ የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ።

«ሂሮሺማ እኮ የጦር ካምፕ ነበረች»

ይሄን ያስጀመረው የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ትሩማን ራሱ ነው፣ ቦምቡ ከተጣለ በኋላ በሬድዮ የጦር ሰፈር ነው የመታነው አለ። ትልቅ የጦር ዕዝ መምሪያ ነበረባት፣ ወታደርም ነበር፣ እሱ አይካድም። ግን ያነጣጠሩት መሀል ከተማ ያለ የቲ ቅርጽ ያለው ድልድይ ላይ ነው፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ዳር ዳር ስለነበሩ ብዙም አልተነኩም። ከዛ በፊት በግንቦት ስለ ቦምቡ ለመምከር የተሰበሰበው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚቴ ጥሩ ታርጌት ብሎ የተስማማው ብዙ ሰራተኛ ባለው፣ ዙሪያውን በሰራተኞች ቤት በተከበበ የጦር ፋብሪካ ላይ ነው። ቤቶቹ በስህተት የተመቱ ሳይሆኑ ከመጀመሪያውም ሂሳብ ውስጥ የገቡ ናቸው ማለት ነው።

ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1937፣ ጠዋት 2 ከሩብ። ጅማ ላይ በዛ ሰዓት ባጃጁ ተማሪ እያደረሰ ነው፣ ሱቁ ገና እየተከፈተ ነው። እዛም እንደዛው ነበር። የ12 እና የ13 ዓመት ተማሪዎች ከአየር ድብደባ የሚነሳ እሳት እንዳይዛመት ክፍት ቦታ ለመስራት መሀል ከተማ ቤት እያፈረሱ ነበር፣ ለዚህ ስራ ከወጡት ተማሪዎች ወደ 6 ሺህ የሚሆኑት ሞቱ። አንድ ሰው ደግሞ ባንክ እስኪከፈት ደጁ ላይ ያለው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ሙቀቱ ዙሪያውን ያለውን ድንጋይ ሲያነጣው እሱ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ጥላ መስሎ ጠቆረ፣ ድንጋዩ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ነው። ፎቶውን በስልኬ ለባለ ባጃጁ ሰጠሁት፣ በሁለት ጣቱ አጉልቶ አየና ስኒውን አስቀመጠ። በፈረንጆቹ 1945 መጨረሻ ድረስ የሞተው ሂሮሺማ ብቻ ወደ 140 ሺህ ይገመታል፣ ናጋሳኪ ወደ 70 ሺህ፣ አብዛኛው ሲቪል።

«ውጡ ተብለው ተነግሯቸዋል»

በራሪ ወረቀት ለተለያዩ ከተሞች ተበትኗል፣ አሜሪካና አጋሮቿ ለጃፓን ያወጡት የፖትስዳም መግለጫም እጅ ካልሰጣችሁ ፈጣንና ፍጹም ጥፋት ይጠብቃችኋል ይላል፣ ግን አቶሚክ የሚል ቃል የለበትም፣ ሂሮሺማ ነገ ትጠፋለች ያለም የለም።

«ያኔ ህግ የሚባል ነገር አልነበረም»

እዚህ ላይ እኔም ተናድጃለሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ኢትዮጵያዊ ማለት አልነበረበትም። የመርዝ ጋዝ የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል የወጣው በፈረንጅ 1925 ነው፣ ጣሊያን ፈርማ አጽድቃለች፣ ከዛ በ1935 እና 36 በአውሮፕላን እኛ ላይ ረጨችው። ጃንሆይ በ1936 ጄኔቫ ሄደው ሲናገሩ ህጉ ነበረ፣ ያልነበረው የሚያስከብረው ነው። ከተማን ከአየር መደብደብን በተመለከተ እርግጥ ሁሉም የፈረመው ግልጽ ውል አልነበረም፣ ግን ሊግ ኦፍ ኔሽንስ (ያኔ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር) በ1938 ሆን ብሎ ሲቪል መደብደብ ህገወጥ ነው ብሎ ወስኗል፣ በ1939 ጦርነቱ የተጀመረ ቀን ደግሞ ያኔ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበረው ሩዝቬልት ራሱ ተዋጊዎቹን ሲቪል ከአየር አትምቱ ብሎ ተማጽኗል። ከ6 ዓመት በኋላ አሜሪካኖቹ ቶኪዮን በአንድ ሌሊት በእሳት ቦምብ አቃጥለው ወደ 100 ሺህ ሰው ገደሉ። ስለዚህ መስመሩ ከአቶሚኩ በፊትም ታልፏል፣ ይሄን እንደ ማስተባበያ የሚያቀርቡ ሰዎች ግን አይገቡኝም፣ ትናንት የገደለ ዛሬ ቢገድል ይቅለልለት?

«አንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ወታደር ከሞት አዳነ»

የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር የነበረው ስቲምሰን በፈረንጅ 1947 ሚሊዮን ብሎ የጻፈው ስለ ሙትና ቁስለኛ ድምር ነው፣ ወሬው ሲዞር ቁስለኛው ሁሉ ሞተ። በሰኔ 1945 ስብሰባ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ጦር አለቃ ጄኔራል ማርሻል ኪዩሹ የምትባለውን የጃፓን ደሴት ለመውረር ለመጀመሪያ 30 ቀን የገመተው ሙትና ቁስለኛ ከ31 ሺህ አይበልጥም ነበር።

«ጃፓን እጅ የሰጠችው በቦምቡ ብቻ ነው»

ነሐሴ 3 ናጋሳኪ የተመታ ቀን ሶቭየቶች ጃፓን ይዛት የነበረችው ማንቹሪያ (ሰሜን ምስራቅ ቻይና) ገብተዋል። የጃፓን የጦር ምክር ቤት የናጋሳኪን ወሬ ከሰማ በኋላ እንኳን በምን ሁኔታ እጅ እንስጥ በሚለው ላይ ሶስት ለሶስት ተከፍሎ ቀረ፣ ንጉሡ ነው የወሰነው። ነሐሴ 9 ለህዝቡ በሬድዮ ሲናገር አዲሱን ጨካኝ ቦምብ ጠቀሰ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለወታደሮቹ ባስተላለፈው መልእክት ግን ቦምቡን ትቶ የሶቭየትን መግባት ነው ያነሳው። የታሪክ ሰዎች እስካሁን የሚከራከሩት ለዚህ ነው፣ እኔ ሁለቱም አሉበት ባይ ነኝ።

«ሂሮሺማ እስከዛሬ ሰው አይኖርባትም» የሚለውን ተዉት፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ ህዝብ አላት፣ ትራሙ እንኳን ከፊሉ በ3ኛው ቀን ተነስቷል።

«ቦምቡን ከተቃወምክ ጃፓንን ደገፍክ»

ኧረ በፍጹም። ጃፓን ቻይና ውስጥ ናንጂንግ ከተማ ላይ የሰራችውን ጭፍጨፋ ማን ይክዳል፣ ኦኪናዋ በምትባለው የጃፓን ደሴት ላይ በተደረገው ውጊያ ያለቀውም ሲቪል ብዙ ነው፣ ጦርነቱን ለማስቆም በሞስኮ በኩል የላከችው የሽምግልና ወሬም ጥርት ያለ አልነበረም። ግን ያቺ ቤት የምታፈርስ የ12 ዓመት ልጅ ናንጂንግ አልነበረችም።

ባለ ባጃጁ በመጨረሻ «እሺ፣ አንተ ትሩማንን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር፣ በረሃብ ትከባቸው ነበር ወይስ ወታደር ታስጨርስ?» አለኝ። ይሄኛው ስህተት ስላልሆነ የማርመው ነገር የለኝም፣ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ጥሎ ማሳየት ነበረበት ብዬ ጀመርኩና ያንንም አስበውበት እንደተዉት ትዝ አለኝ። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና አባታቸው ማይጨው ዘምተው እንደነበር ነገሩን፣ ክንዳቸው ላይ ጋዙ የበላው ቆዳ እስኪሞቱ ድረስ እንደዛው ነበር አሉ። ዝናቡ አባራ፣ ባለ ባጃጁ የሶስታችንንም ሂሳብ ከፍሎ ወጣ።