ጂ+4 ስንት ፎቅ ነው?

ደብረ ብርሃን መሃል ኮንዶሚኒየም ይሠራ ሲባል ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከቁመቱ ነው። «ጂ+4 ነው» ይላል አንዱ። «አራት ወለል ምን አላት!» ይላል ሌላው። ቆይ፣ አምስት ነው። «ጂ» ምድር ቤቱ ነው፤ 4ቱ በላዩ ይደረባሉ። ምድር ቤት ሲባል ከመሬት በታች ያለው የሚመስለውም አለ። እሱ ቤዝመንት ነው፤ «ቢ» ተብሎ ከፊት ይጻፋል።

ፎቅ ከመቁጠር ይልቅ ሜትሩን መጠየቅ ይሻላል። አንዱን ወለል 3 ሜትር ብንለው ሕንፃው 15 ሜትር ይወጣል። ለብርዳም ከተማ ይሄ ቀልድ አይደለም። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳ 10 ሜትር የሚጠጋ ጥላ በስተሰሜን ይተኛል። እዚያ ግቢ የተሰጣ ብቅል ቶሎ አይደርቅም።