ፍሪክሽን ፔግ ምንድን ነው? ለአሮጌ ዩኩሌሌ ርካሽ መቃኛ ስትፈልጉ

አሮጌ ዩኩሌሌ (ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ) እጃችሁ ከገባ ገልብጡና መቃኛዎቹ የተተከሉበትን ራስ ከኋላ እዩት። የመቃኛዎቹ ጆሮዎች እንደ ጊታር ወደ ጎን ወጥተዋል? ወይስ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ተተክለዋል? ወደ ኋላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፍሪክሽን ፔግ ነው። ውስጡ ጥርስ የለም። ክሩ እንዳይላላ የሚያደርገው ሰበቃ ብቻ ነው። ክራር ተጫዋች ይሄ አይከብደውም፤ በባህላዊው ክራርም ክሩን ቀንበሩ ላይ የሚያቆመው ሰበቃው ነው።

ዩኩሌሌ የሃዋይ ነው፣ ዘሩ ግን ከፖርቱጋል ይመዘዛል። በ1879 እ.ኤ.አ. ራቨንስክራግ የምትባል መርከብ ከማዴይራ ደሴት ሠራተኞች ጭና ሆኖሉሉ ገባች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ማኑኤል ኑኔስ እና ሌሎች ሁለት አናጢዎች ነበሩ። የአገራቸውን ትንሽ ጊታር መነሻ አድርገው ዩኩሌሌን የሠሩት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ መቃኛዎች ከእንጨት የተጠረቡ ነበሩ፤ ብረቱ በኋላ መጣ።

ሰው ፍሪክሽን ፔግን የሚያማርረው ለምንድን ነው? ሒሳቡን እንየው። ክሩ የሚጠመጠምበት ዘንግ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ነው እንበል። ጆሮውን አንድ ዙር ስታዞሩት ዘንጉም አንድ ዙር ይዞራል፤ ወደ 19 ሚሊሜትር ክር ይጠቀለላል። 14 ለ 1 በሆነ (ጆሮው 14 ጊዜ ሲዞር ዘንጉ አንዴ በሚዞርበት) ጥርሳም መቃኛ ግን ያው አንድ ዙር ከ1.5 ሚሊሜትር ያነሰ ነው የሚስበው። የሶፕራኖ (የትንሹ ዓይነት) ዩኩሌሌ ክር ደግሞ ከታች እስከ ላይ 34 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በፍሪክሽን ፔግ ጣት ትንሽ ካለፈች ድምፁም ያልፋል። መልመድ ይጠይቃል እንጂ ብልሽት አይደለም።

ሲንሸራተት ነው ችግር። እሱም ቢሆን ቶሎ ገበያ አያስሮጥም። የብረቱ ፔግ ጆሮ ጫፍ ላይ ትንሽ ብሎን አለች። በካቻቪቴ ሩብ ዙር አጥብቋትና ሞክሩት። ካልያዘ ፍቱትና ሮንዴላዎቹን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ያለቀችው እሷ ናት። አደራ፣ ዘይት አትቀቡ! ሰበቃውን ገደላችሁት ማለት ነው።

ዘንጉ ከተጣመመ ወይም አንዱ ከጠፋ ግን መግዛት ነው። አንድ ብቻ ፈልጋችሁ ከሌሎቹ ጋር የሚመሳሰል ማግኘት ከባድ ስለሆነ አራቱን በአንድ ላይ ግዙ። ከውጭ ሰው እንዲያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ መመለስ አይታሰብም፤ አስቀድሞ መለካት ግድ ነው። የቀዳዳውን ስፋት ከፊትም ከኋላም፣ ቀጥሎ የዩኩሌሌውን ራስ ውፍረት ለኩ። በካሊብሮ እንጂ በዓይን አይሁን።

ርካሽ ጥርሳም መቃኛ ያጓጓል፤ ዋጋውም ብዙ አይርቅም። እኔ ግን ለአሮጌ ሶፕራኖ አልመርጠውም። አንደኛ ይከብዳል። ሶፕራኖ ራሱ ቀላል ስለሆነ አራት ጥርሳም ሲገጠምበት ስትጫወቱ አንገቱ ወደ ታች ይደፋል። ሁለተኛ ለማሰሪያ ብሎኖቹ አዲስ ቀዳዳ ይፈልጋል። የታሸጉት የጊታር ዓይነቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስለሚሹ ትራፓኖ ይመጣል። የመቶ ዓመት እንጨት አንዴ ከተበሳ ተበሳ።

መሃል ያለ ምርጫም አለ፤ ጎቶህ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ዩፒቲ። ከውጭ ሲያዩት ፍሪክሽን ፔግ ይመስላል፣ ውስጡ ግን 4 ለ 1 የሆነ ጥርስ አለው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ግን ከተራው ፔግ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀዳዳ ማስፋትም ሊጠይቅ ይችላል። ዩኩሌሌው ራሱ ርካሽ ከሆነ ምን አደከማችሁ? ባለ ብሎኑ ተራ የብረት ፍሪክሽን ፔግ ይበቃል። ሁሉም ፕላስቲክ የሆነውን ግን እለፉት፤ ብሎን የሌለው ከሆነ ሲላላ የሚጠብቅበት መንገድ የለም።

ከገጠማችሁ በኋላ ድምፁ ቢወርድ ወዲያው ፔጉን አትውቀሱ። አዲስ የናይለን ክር ለጥቂት ቀናት መለጠጡ አይቀርም። የወለቁትን አሮጌ ፔጎችም በላስቲክ ቋጥራችሁ አስቀምጡ። ዩኩሌሌው የ1920ዎቹ ማርቲን ሆኖ ከተገኘ፣ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ሊሆን ይችላል።