ፓር ምንድን ነው? የኮራል አኳሪየም መብራት የሚመረጥበት ልኬት

ፓር ለብርሃን አስተፃምሮ የሚውለው የብርሃን ክፍል ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ይደርሳል። በኮራል አርቢዎች ዘንድ ግን ቃሉ የብርሃኑን መጠንም ይገልጻል። «እዚህ ቦታ ላይ ፓሩ 200 ነው» ከተባለ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ 200 ማይክሮሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ፣ የአንድ ሞል ሚሊዮንኛ) የብርሃን ቅንጣት ያርፋል ማለት ነው።

ኮራል እንስሳ ነው። ብርሃን የሚያስፈልገው በሥጋው ውስጥ ለሚኖሩት ዞዛንቴላ ለሚባሉ ደቂቅ አልጌዎች ሲሆን፣ እነሱ ከሚሠሩት ስኳር ብዙውን የሚመገበው ኮራሉ ነው። መብራት ሲመረጥም መታየት ያለበት ለእነዚህ አልጌዎች የሚደርሰው ብርሃን ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት መብራቱ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ እንጂ ኮራሉ ጋ ምን እንደሚደርስ አይነግርም። ኬልቪን ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ መጠኑ አያወራም። የድምቀት መለኪያዎቹ ሉመንና ለክስ ደግሞ በሰው ዓይን ልክ የተሰፉ ናቸው፦ ዓይናችን በ555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ አጉልቶ፣ ሰማያዊውን አሳንሶ ያያል። ዞዛንቴላ ግን ሰማያዊውን በደንብ ይጠቀማል። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ የሚመስል ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ዓይን ከሚወጋ ነጭ መብራት የበለጠ ፓር ሊሰጥ ይችላል። በዓይን ገምቶ መብራት መግዛት የማይሠራው ለዚህ ነው።

ስንት ይበቃል? ለእንጉዳይ ኮራልና ለሌሎች ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ እንደ ዩፊሊያ ላሉ ትልልቅ ፖሊፕ (አፍና ድንኳን መሰል ክንዶች ያሉት የኮራሉ አካል) ላላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ75 እስከ 200፣ እንደ አክሮፖራ ላሉ ትንንሽ ፖሊፕ ላላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ200 እስከ 400 ጥሩ መነሻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ኮራሉ በተቀመጠበት ጥልቀት የሚለኩ ናቸው። ብርሃን ከመብራቱ በራቀ ቁጥር ይበተናል፤ ውኃውም በተለይ ቀዩን ይውጣል። አንድ አኳሪየም ከላይ 350፣ አሸዋው ላይ 80 ቢያሳይ አያስደንቅም፤ እንዲያውም ለተለያዩ ኮራሎች ቦታ ለማከፋፈል ይመቻል። የሚያስቸግረው በአግድም ያለው ልዩነት ነው፦ ከአንድ ነጥብ የሚፈነጥቅ ኤልኢዲ ከሥሩ ያለውን እያቃጠለ ማዕዘኖቹን ያጨልማል። ከፍ አድርጎ መስቀል ወይም ሁለት መብራት መጠቀም ይሻላል።

ልኬቱ የሚወሰደው በፓር መለኪያ፣ ሴንሰሩን ውኃ ውስጥ አስገብቶና ወደ ላይ አቅንቶ ነው። የውኃው ሞገድ ቁጥሩን ስለሚያዘልለው፣ ፓምፖቹ እየሠሩ ብዙ ንባብ ወስዶ አማካዩን መያዝ ይገባል። አንዳንድ የቆዩ ሴንሰሮች ሰማያዊውን አሳንሰው ስለሚያነቡ፣ መሣሪያው ለኤልኢዲ የተስተካከለ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የስልክ ካሜራ ይህን ሥራ አይተካም።

ብርሃን ሲያንስ ኮራሉ ቡናማ እየሆነ ይሄዳል፣ ወደ ላይም ይንጠራራል፤ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ሲበዛ ግን ጉዳቱ ፈጣን ነው፦ አልጌዎቹ ጎጂ ኦክስጅን ማምረት ይጀምራሉ፣ ኮራሉም አስወጥቷቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊነጣ ይችላል። ስለዚህ አዲስ መብራት ከታሰበው ኃይል በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀመርና በየሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨመራል። በመሃል ኮራሉ ከገረጣ ጭማሪው ይቆማል።

ሰዓቱም የሒሳቡ አካል ነው። 200 ፓር ለ10 ሰዓት ሲበራ በቀን 7.2 ሞል በካሬ ሜትር ይሆናል፤ 250 ፓር በ8 ሰዓት ያንኑ ይሰጣል። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሙሉ ብርሃን ለአብዛኛው ኮራል ይበቃል። ሰዓቱን ከዚያ በላይ ማርዘም ብዙውን ጊዜ የሚጠቅመው መስታወቱ ላይ ለሚበቅለው አልጌ ነው።

ከወራት በኋላ ፓሩ ወርዶ ከተገኘ ኃይሉን ከመጨመር በፊት መብራቱ ላይ የተጋገረውን ጨው ማየት ይቀድማል። ሲጸዳ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ስለሚጨምር፣ ኃይሉን አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ ከጽዳቱ በኋላ እንደገና መለካት ነው።