ዳምፒር ምንድን ነው? በ«ብለድላስት» ፊልም በኩል ሲታይ

ዳምፒር ደም መጣጭ ከሆነ ቫምፓየር አባትና ከሰው እናት የሚወለድ ፍጡር ነው። ቃሉ ከባልካን አገሮች ተረት የመጣ ነው። እዚያ ዳምፒር ሌላው ሰው የማያየውን ቫምፓየር ለይቶ ያያል፤ መንደርተኛውም ገንዘብ ከፍሎ ያስገድልበታል። ጃፓናዊው ደራሲ ሂዴዩኪ ኪኩቺ እ.ኤ.አ. በ1983 በጀመረው የልቦለድ ተከታታይ ይህንኑ ሙያ «ዲ» ለተባለ ዝምተኛ ፈረሰኛ ሰጠው።

ሐሳቡ በደንብ የሚገባው ግን ዮሺያኪ ካዋጂሪ ለማድሃውስ ስቱዲዮ በሠራው የአኒሜሽን ፊልም፣ «ቫምፓየር ሀንተር ዲ፦ ብለድላስት» (2000) ላይ ነው። በ1985 የወጣ ሌላ የዲ ፊልም ስላለ ብዙ ሰው ከዚያ መጀመር ያለበት ይመስለዋል። አያስፈልግም፤ ታሪኩ ራሱን የቻለ ነው፣ መነሻውም የኪኩቺ ሦስተኛ ልቦለድ ነው።

ሻርሎት የተባለች ልጅ ማየር ሊንክ ከሚባል ቫምፓየር ባላባት ጋር ትሰወራለች። ቤተሰቧ ዲን ይቀጥራል፦ ሰው ሆና ከተገኘች ይመልሳት፣ ቫምፓየር ከሆነች ይግደላት። ማርከስ የሚባሉ ወንድማማቾች ቡድንም ለዚያው ሽልማት ይሯሯጣል። ጉዱ ያለው ልጅቷ ወዳ መሄዷ ላይ ነው። ዲ የሚያሳድደው እንግዲህ የገዛ ወላጆቹን ዓይነት ጥንድ ነው፤ ቢወልዱ ልጃቸው እሱን ይመስላል። ፊልሙ ይህን አፍ አውጥቶ አይነግረንም።

ዳምፒርነት ጥቅምም ዕዳም አለው። ዲ በቀን መሄድ ይችላል፤ ፀሐይ ሲበዛበት ግን ጉልበቱ ይከዳውና አፈር ውስጥ ተቀብሮ ማረፍ ግድ ይሆንበታል። ሰው ይፈራዋል፣ ቫምፓየሩም ከራሱ አይቆጥረውም፤ ሁለት ያጣ ጎመን ነው። በግራ መዳፉ ላይ ደግሞ ለፍላፊ ፊት ይኖራል። ባለቤቱ የማይናገረውን ሁሉ የሚናገረው፣ የሚያሽሟጥጠውም እሱ ነው፤ ስለዚህ ዲ ዝም ቢልም ተመልካቹ ግራ አይጋባም።

መልኩን የሰጠው የልቦለዶቹ ሠዓሊ ዮሺታካ አማኖ ነው። የአማኖ መስመር እንደ ፀጉር የቀጠነና የተጠማዘዘ በመሆኑ ደጋግሞ ስሎ ማንቀሳቀስ አስቸጋሪ ነው። ዩታካ ሚኖዋ ለአኒሜሽን እንዲመች ቀለል አድርጎ ሣለው፤ ረጅሙን ቁመት፣ ሰፊውን ባርኔጣና ካባውን ግን አልነካም። ካዋጂሪ ዲን አቁሞ ካባውን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ሰይፉ ድንገት ይመዘዛል። መክፈቻውን ልብ በሉ፦ ማየር በሌሊት ወደ ከተማው ሲገባ እሱን ገና ሳናየው መስቀሎች ይጣመማሉ፣ የምንጩ ውሃ በረዶ ይሆናል። ማን እንደመጣ ለማወቅ ቃል አላስፈለገም።

ፊልሙ በ2001 አሜሪካ ውስጥ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ሐያስያን ሥዕሉን አሞገሱ፣ ታሪኩን ግን ብዙዎቹ «ሥሥ ነው፣ ተጨናንቋል» አሉ። ነቀፋው ግማሽ እውነት አለው። ሦስቱ የማየር ጠባቂዎችና አብዛኞቹ ማርከሶች ገና ሳንለምዳቸው ይሞታሉ፤ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃም። «መልክ ብቻ ነው» የሚለው ግን አይዋጥልኝም፤ እዚህ ፊልም ላይ ታሪኩን የሚሸከመው መልኩ ነው። ሌይላ፣ ከማርከሶቹ ጋር ሆና ቫምፓየር የምታሳድደው ሴት፣ ከዲ ጋር የምታወራባቸው ጸጥ ያሉ ትዕይንቶች ደግሞ ከብዙ የድርጊት ፊልም የበለጠ ስሜት አላቸው።

ለማየት ካሰባችሁ በእንግሊዝኛው ድምፅ እዩት። ለሌላ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ይህን አልመክርም፤ ይሄኛው ግን መጀመሪያም የተቀረጸው በእንግሊዝኛ ነው፣ ጃፓን ውስጥ እንኳ ሲኒማ ቤት የገባው ከሥር የጃፓንኛ ጽሑፍ ተደርጎበት ነው። አብዛኛው ትዕይንት ሌሊት ስለሆነ መብራት አጥፉ፤ ቀን በስልክ ከታየ የካባው ጥቁርና የግድግዳው ጥቁር አንድ ይሆኑባችኋል።