ስኳር ያለበት ሰው ቁርጭምጭሚቱ ሲሰበር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ስለማይድን ቀዶ ጥገና ሊደረግለት አይገባም።»

ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ የስኳር ሕሙማን ከቁርጭምጭሚት ቀዶ ጥገና በኋላ ቁስላቸው የመመርቀዝ፣ አጥንታቸው ሳይገጥም የመቅረት ወይም የገባላቸው ብረት የመላቀቅ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ነው። መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። ቦታውን ያልለቀቀ ስብራት በጀሶ ሊድን ይችላል። ቦታውን የለቀቀና የማይረጋ ስብራት በጀሶ ብቻ ሲተው ግን፣ እብጠቱ በጎደለ ቁጥር አጥንቱ ጀሶው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ጀሶውም ቆዳውን እየፋቀ ሌላ ቁስል ይፈጥራል። እንዲህ ላለው ስብራት ቀዶ ጥገናን መሸሽ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱን ያብሰዋል።

«ካላመመኝ ድኗል ማለት ነው፤ ልረግጥበት እችላለሁ።»

ከሁሉም ይልቅ እግር የሚያሳጣው ይህ እምነት ይመስለኛል። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ ሌላውን ሰው አንድ እርምጃ የማያስኬደው ስብራት ለእነዚህ ሕሙማን እንደ ቀላል ወለምታ ሊሰማቸው ይችላል፤ በዚህም ምክንያት በተሰበረ እግር ለቀናት ሲመላለሱ ከርመው ወደ ሐኪም የሚመጡ አሉ። ምርመራው ቀላል ነው፦ በ10 ግራም ጫና የምትታጠፍ የናይለን ክር የእግሩን መርገጫ ስትነካው ታካሚው ካልተሰማው፣ ከጉዳት የሚጠብቀው ስሜት ጠፍቷል። የዚህ ሰው እግር ከቀዶ ጥገና በኋላ ሳይረገጥ የሚቆይበት ጊዜ በአብዛኛው እጥፍ ይሆናል፤ ሌላው በ6 ሳምንት ገደማ መርገጥ ሲጀምር እሱ እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል። ቸኩሎ ከረገጠ ብሎኖቹ ሊሰበሩ፣ መገጣጠሚያውም ሻርኮ በሚባለው ጉዳት ሊፈራርስ ይችላል። ጉዳቱ ስሙን ያገኘው በ1868 እ.ኤ.አ. ከገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ከዣን ማርተን ሻርኮ ሲሆን፣ ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። እግሩ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፤ ሕመሙ ግን ከእብጠቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለዚህ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ታካሚው መድኃኒት እየዋጠ መራመዱን ይቀጥላል፤ የሚያስፈልገው ግን እግሩ በጀሶ ተይዞ ክብደት እንዳያርፍበት ማድረግ ነበር።

«ስኳር ያለበት ሁሉ መጨረሻው መቆረጥ ነው።»

አይደለም። ነርቩ፣ የደም ሥሩና ኩላሊቱ ያልተጎዳ ታካሚ በጥሩ ሁኔታ የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ እነዚህ ጉዳቶች ያሉባቸው የስኳር ሕሙማን ከሌሎቹ የስኳር ሕሙማን ጋር ሲነጻጸሩ ለችግር የመጋለጥ ዕድላቸው 3.8 እጥፍ መሆኑን አሳይቷል።

«ጠዋት የተለካሁት ስኳር ጥሩ ስለሆነ ሥጋት የለብኝም።»

የአንድ ጠዋት ልኬት ያለፉትን ወራት አይናገርም። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ከ8 በመቶ በላይ ሲሆን የችግሩ ዕድል ይጨምራል። ሆኖም አጥንቱ ቆዳውን የቀደደ ወይም መገጣጠሚያው የወለቀ ሰው ይህ ቁጥር እስኪወርድ አይጠብቅም፤ ስኳሩ በኢንሱሊን እየተስተካከለ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል።

«መጀመሪያ ወጌሻ ይየው።»

ጠብቆ የታሰረ እንጨት የደም ዝውውርን ዘግቶ እግርን ለጋንግሪን እንደሚዳርግ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ታይቷል። ስሜት ያለውን ሰው ሥቃዩ ማሰሪያውን ያስፈታዋል፤ ስሜቱ የጠፋበት ግን ማስጠንቀቂያ የለውም። ስኳር ያለበት ሰው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ካበጠ፣ ሕመሙ ቀላል ቢሆንም እንኳ፣ ሳይረግጥበት በዚያው ቀን ራጅ ሊነሣ ይገባል።