አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ሪል ማደስ፦ የስዊድኑ አምባሳደር ሲፈታ

ሪል የማጥመጃው ክር የሚጠቀለልበት መሣሪያ ነው፤ እዚህ የምንፈታው አምባሳደር የሚባለው የስዊድን ሪል ደግሞ ቤይትካስቲንግ ከሚባለው ወገን ነው። ቤይትካስቲንግ ሪል ከማጥመጃው ዘንግ በላይ የሚታሰርና ክር ሲወረወር ማጠንጠኛው (ክሩ የሚጠመጠምበት ክፍል) ራሱ የሚሽከረከር የሪል ዓይነት ነው። በብዛት የሚታየው ስፒኒንግ ሪል ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል፤ እሱ ላይ ማጠንጠኛው ቆሞ ክሩ ብቻ ነው እየተፈታ የሚወጣው። እዚህኛው ላይ ግን ማጠንጠኛው በፍጥነት ይዞራል፣ ወርዋሪው አውራ ጣቱን ጣል አድርጎ ይቆጣጠረዋል። ካልተቆጣጠረው ማጠንጠኛው ክሩን ይቀድመውና ያ ሁሉ ናይለን ተተብትቦ ቁጭ ይላል። ያኔ አንዳንዴ መቀስ ይሻላል።

እኛ አገር ዓሣ ሲባል መረብ ነው ቀድሞ የሚታሰበው፤ ጣናም ዝዋይም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ዕቃው ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ወይም ስዊድን የሚኖር ሰው ግን አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሳያየው አይቀርም፦ ቀይ ወይም ጥቁር፣ ክብ፣ ለመጠኑ ከበድ የሚል፣ እጀታው በሁለቱም ጫፍ መያዣ ያለው። አቧራ ጠጥቶ፣ አልዞር ብሎ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ቆሽሿል እንጂ።

የዚህ ሪል ታሪክ የሰዓት ሠሪዎች ታሪክ ነው፤ አፈታቱንም የሚወስነው ይኸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ ኬንታኪ ውስጥ ፓሪስ በምትባል ከተማ፣ ጆርጅ ስናይደር የሚባል ሰዓት ሠሪ እጀታው አንዴ ሲዞር ማጠንጠኛው ብዙ ጊዜ የሚዞርበት ሪል ሠራ። እንግሊዞች ሐሳቡን ቀድመውት ሞክረውት ነበር፣ የነሱ ግን ጥንካሬ አልነበረውም። ከሱ በኋላ እዚያው ግዛት ፍራንክፈርት ውስጥ የሚክ ወንድማማቾች ተከተሉ፤ እነሱም ሰዓት ሠሪዎች ነበሩ። በ1890ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሚቺጋኑ ዊልያም ሼክስፒር (አዎ፣ ሞክሼ ናቸው) ክሩን ከዳር እዳር እኩል እያከፋፈለ የሚጠመጥም መሣሪያ ይዞ መጣ።

በስዊድን በኩል ታሪኩ የሚጀምረው በ1921 ነው። ካርል ኦገስት ቦርግስትሮም የሚባል ሰው ስቬንግስታ በምትባል ትንሽ ከተማ አ.ብ. ኡርፋብሪከን የሚል ፋብሪካ ከፈተ፣ ባጭሩ አቡ። የሚሠሩት የኪስ ሰዓት ነበር፣ ከዚያ የታክሲ ቆጣሪ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆጣሪውን ገበያ ሲያቀዘቅዘው ልጁ ዮተ ቦርግስትሮም ፋብሪካውን ወደ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ አዞረው። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የሞሩም ወንዝ በሳልመን ዓሣ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ መሞከሪያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ አምባሳደር 5000 ወጣ። አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ጋርሲያ የሚባል ድርጅት ነበር፤ አቡ ጋርሲያ የሚለው የዛሬው ስም የመጣውም ከሁለቱ ነው።

የአምባሳደርን የሞዴል ቁጥሮች ማወቅ ይጠቅማል። 6000 ከ5000 ሰፋ ያለ ማጠንጠኛ አለው። 5500 ደግሞ ፈጣን ነው፤ እጀታው አንዴ ሲዞር የ5000 ማጠንጠኛ 3.6 ጊዜ ሲዞር የሱ 4.7 ጊዜ ይዞራል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የላቲን "ሲ" ፊደል ካለ ማጠንጠኛው በኩሽኔታ ላይ ነው የሚሽከረከረው ማለት ነው። ፊደሉ ከሌለ ተራ የነሐስ ቀለበት ነው ያለው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት እግራቸው (ዘንጉ ላይ የሚታሰረው ክፍል) ላይ ቁጥር ተመቶባቸዋል፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ወሩን ያሳያሉ። ሻጭ "የአባቴ ነው፣ የ60ዎቹ ዕቃ" ቢላችሁ ገልብጣችሁ ማየት ነው።

አሁን ወደ መፍታቱ። በእጀታው በኩል ባለው ሽፋን ላይ በጣት የሚፈቱ ብሎኖች አሉ። እነሱ ሲላሉ የጎን ሽፋኑ ከነማርሹ ይወጣል፣ ማጠንጠኛው ይወልቃል። ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ እንዲፈታ ታስቦ ነው የተሠራው። ድሮ አብሮት ይሸጥ በነበረው ቡናማ የቆዳ ሳጥን ውስጥም መለዋወጫ፣ መፍቻና ትንሽ ዘይት ነበረበት።

ቀሪው ትዕግሥት ይፈልጋል። የእጀታው ዳዶ ይፈታል፣ እጀታው ይወጣል፣ ከዚያ ኮከብ የሚመስለው ማጥበቂያ፣ ከዚያ ከሥሩ ያሉት ሮንዴላዎች በተራ። እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ አንሱ። ዕቃዎቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሩ። የሮንዴላ ቅደም ተከተል ከተሳሳተ ሪሉ ይገጠማል ግን አይሠራም፣ እና ደግሞ ከመጀመሪያ። ማጠንጠኛውን ለቆ መልሶ የሚይዘውን ሹካ የሚገፉት ሁለት ትንንሽ ሞላዎች ደግሞ ሽፋኑ ሲነሳ ተወርውረው መጥፋት ይወዳሉ። በጣት ጫን ብላችሁ በወረንጦ አውጧቸው።

ውስጡን ስታዩ የምታገኙት ደርቆ ሰም የመሰለ ግራሶ ነው። "ሪሉ ሞቷል" የሚባለው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ለመወርወር ማጠንጠኛውን የሚለቀው አዝራር ተጭኖ አልመለስ ካለ፣ ትንሹ ማርሽ በዚያ ግራሶ ተይዞ ነው። እጀታው ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ፣ የኋልዮሽ መዞርን የሚከለክለው ቁራጭ ጆሮዎቹ ቆሽሸው ወይም ተጣመው ጥርሱን መያዝ አቅቷቸው ነው። ብረቱና ነሐሱ በላምባ ወይም በላይተር ቤንዚን ይነከራል፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽና በስቴኪኒ ይጸዳል። ሥራው አየር ባለበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን። ቀለም ያለውን ሽፋንና የላስቲክ መያዣዎቹን ግን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ብቻ እጠቡ፤ ጠንከር ያለ ፈሳሽ ያበላሻቸዋል።

ቀጥሎ ዘይት። ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ብዙ መቀባት መንከባከብ ይመስለዋል። ማጠንጠኛው በሚሽከረከርባቸው ሁለት ጫፎች ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል። ትልቁ ማርሽ ላይ ስስ ግራሶ፣ ትንሹ ላይ ከዚያም የሳሳ። ማጠንጠኛው ጎን ላይ ያሉት፣ ሲሽከረከር ወደ ውጭ እየተገፉ ከቀለበቱ ጋር የሚፋተጉት ትንንሽ የፍሬን ቁርጥራጮች ደግሞ ደረቅ መሆን አለባቸው። እነሱ ላይ ዘይት ከነካ ፍሬን የለም ማለት ነው፣ የመጀመሪያው ውርወራ ላይ ታዩታላችሁ። ኩሽኔታ ካለው በላይተር ቤንዚን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጣት ሲሽከረከር ያለ ድምፅ መዞር አለበት። ከታጠበ በኋላም የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ይቀየር፤ መደበኛ መጠን ስለሆነ ይገኛል።

ዋናው የሚበላ ዕቃ የክር መሪው ምላስ ነው። ክሩን ግራና ቀኝ የሚያመላልሰው ክፍል ሥር ትንሽ ክዳን አለች። ስትፈታ ምላሷ ትወድቃለች፣ ስለዚህ እጃችሁን ከሥር አድርጉ። ምላሷ ጠመዝማዛው ብረት ላይ በተቆረጡት መስቀለኛ ቦዮች ውስጥ ነው የምትሄደው፣ ዳር ስትደርስ ራሷ ትዞራለች። ጫፏ ከደነዘ መሪው አንዱ ዳር ላይ ይቆማል፣ ክሩም አንድ ቦታ ላይ ይከመራል። ምላሷ ርካሽ ናት። እያወቁ ያለቀችውን መልሶ መግጠም ግን ጠመዝማዛውን ማስበላት ነው።

ዓሣው ሲጎትት ክር የሚለቀው ፍሪሲዮን ትልቁ ማርሽ ውስጥ የተደረደሩ የብረትና የፋይበር ሮንዴላዎች ናቸው። የድሮዎቹ ፋይበሮች ይደርቃሉ፣ ይሰባበራሉ፤ ክሩንም እየነጠቁ ይለቃሉ። ዛሬ ብዙ ሰው በካርቦን ይቀይራቸዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ከውጭ አይታይም፣ አሮጌውን ለታሪክ ማስቀመጥም ይቻላል።

በቀለሙ ጉዳይ ግን አልስማማም። ሽፋኑን ልጦ እንደ አዲስ የሚቀባ፣ ነሐሱን እስኪያንጸባርቅ የሚፍቅ አለ። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት የፋብሪካውን ቀለም ነው፣ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። ዓሣውም ቀለሙን አያየውም። ጨው የበላው፣ የተቦረቦረ ሽፋን ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ከሌላ የተበላሸ ሪል በወጣ መተካት ይሻላል። የተጣመመ ፍሬምም ብዙ ተስፋ የለውም፣ ለመለዋወጫ ይቀመጥ።

ከተገጠመ በኋላ ሁለት ነገር ይፈተናል። አንደኛ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ክብደት አስራችሁ አዝራሩን ተጫኑ። ጎን ላይ ያለችው ክብ ማስተካከያ ክብደቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ፣ መሬት ሲነካም ማጠንጠኛው ወዲያው እንዲቆም ተደርጋ ትጠበቅ። ሁለተኛ፣ ክሩን በዘንጉ በኩል አሳልፋችሁ በሚዛን ጎትቱ። ፍሪሲዮኑ የክሩ አቅም ሩብ ወይም ሢሶ ላይ ሲደርስ መልቀቅ አለበት፣ ያውም እኩል፣ ሳይነጥቅ። ባህር ላይ የዋለ ሪል በዝግታ በሚወርድ ንጹህ ውሃ ይታጠብ፤ በኃይለኛ ቧንቧ ከሆነ ጨዉን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ለክረምት ሲቀመጥ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የሚያጠብቀው ኮከብ ይላላ፣ ተጨፍልቀው የከረሙ ሮንዴላዎች በፀደይ ይነጥቃሉ።