ፕሮቨናንስ ምንድን ነው? ሲሪያል ቁጥር እንዳይመስላችሁ

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ አሮጌ አኩስቲክ ጊታር ሲጽፍ «ሲሪያል ቁጥሩን አገኘነው፣ ፕሮቨናንሱ ተረጋገጠ» አለ። ሲሪያል ቁጥር ፋብሪካው ጊታሩ ላይ የሚመታው መለያ ቁጥር ነው። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ጊታርና ክራር እጠግናለሁ። ነገሩ ከልቤ ያናድደኛል፤ በዚህ ስህተት የተነሳ ስንት ታሪክ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ፕሮቨናንስ ማለት ዕቃው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በማን በማን እጅ አልፎ እዚህ እንደ ደረሰ፣ ከነማስረጃው ማለት ነው። ዕድሜ አይደለም። ዋጋ አይደለም። «ኦርጅናል ነው» ማለትም አይደለም።

ሰባት ቤት እንደ መቁጠር አስቡት። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌው እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል። መቼ ተወለድክ ብሎ አይጠይቅህም፤ የማን ነህ ነው የሚልህ። አምስተኛው ቤት ላይ ስም ቢጠፋው ዘሎ ስድስተኛውን አይጠራም፤ ዝምድናው እዚያ ክፍተት ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላላ! ጊታርም እንዲሁ ነው። ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልደቱን ነው የሚነግርህ፤ እሱንም ከነገረህ። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1898 ከ8000 ተነስቶ በተከታታይ ስለሄደ ዓመቱን ማወቅ አያስቸግርም። ሌላው የአሜሪካ ፋብሪካ ጊብሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንዱን ቁጥር ደጋግሞ ስለመታ፣ ያው ቁጥር በሁለት ሦስት የተለያዩ ዓመታት ጊታሮች ላይ ይገኛል። ያን ጊዜ ሌላ ሌላውን ማየት ግድ ነው፤ ለምሳሌ የአንገቱን ስፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ጠበብ ብሏልና። ይህን ሁሉ ለፍተህ ስትጨርስ ግን ገና የልደት ቀኑን ነው ያወቅከው። አንድም ቤት አልቆጠርክም።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጊታር ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው፤ ባለቤቴ ካባቱ ነው የወረሰው» አሉኝ። ውስጡ የተለጠፈው ወረቀት ኤኮ፣ ሬካናቲ፣ ጣሊያን ይላል። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። የጊታር ፋብሪካው ኤኮ ደግሞ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959፣ በእኛ 1951 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለዚህ ወታደር ጥሎት ሊሄድ አይችልም። ቢሆንም ወሬውን ውሸት ነው ብዬ አልጣልኩትም። «ከጣሊያን የመጣ» የተባለው ሰው ለሰው ሲቀባበለው «ጣሊያን ጥሎት የሄደ» ሆኖ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ውስጡ ፍሬ አለው።

በትንሽ መስታወትና በባትሪ ውስጡን ሳይ፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ «አስመራ» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ከሥሩ የሰው ስም ነበረ። ከዚህ በፊት የጠገነው ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፍቆታል። ለማጽዳት ብሎ ነው። አንድ ቤት እንዲሁ ጠፋ። እባካችሁ የጊታር ውስጥ አትፈቅፍቁ፣ በእርጥብ ጨርቅም አትጥረጉ፣ ቫርኒሽም አትቀቡ። ደግሞ የእንጨቱ ቀለበት ይቆጠርልን የምትሉ አላችሁ፤ እሱም የሚናገረው ስለ ዛፉ ነው። እንጨቱ ተቆርጦ ስንት ዓመት መጋዘን ውስጥ እንደ ተቀመጠ አይናገርም።

ለእናትየዋ በወረቀት እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ አማትዎ፣ ክፍተት፣ አስመራ ስሙ የተፋቀ ሰው፣ ክፍተት፣ ሬካናቲ። «ክፍተት» የሚለውን ሁለቴ ሲያነቡት ትንሽ ከፋቸው። የሌለውን ቤት ፈጥሬ ብሞላው ግን የእውነተኞቹንም ቤቶች ታማኝነት አጠፋለሁ። ወረቀቱን አጥፈው ከጊታሩ ከረጢት ኪስ ከተቱና ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «የባለቤቴ ታላቅ እህት አዘዞ አሉ» አሉኝ፤ «ወንድማቸው አስመራ ይመላለስ እንደነበር ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»